የቤተሰቡን ፎቶ በአሮጌ ላፕቶፕ ማኖር፦ ኢሚችን በዶከር የመትከል መመሪያ

ከወንድሜ ሰርግ በኋላ እናቴ በመልሱ ዕለት የተነሳችውን አንድ ፎቶ አሳጥቤ ግድግዳ ላይ ልሰቅልላት ፈለግሁ። ፎቶው ያለው የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብቻ ነበር። ፎቶ ቤት ይዤው ስሄድ ባለሙያው ስክሪኑ ላይ አሳድጎ አሳየኝ፤ የነጠላዋ ጥለት ተበታትኖ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሆኗል። «ኦሪጅናሉን አምጣ» አለኝ። ኦሪጅናሉን ያነሳው ያጎቴ ልጅ ግን በመሃል ስልክ ቀይሯል፤ አሮጌው ስልክ ተሽጧል። ያ ጥለት ከእንግዲህ አይመለስም።

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስንልከው ይጨምቀዋል፤ ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል። ጎግል ፎቶስ ደግሞ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጡን እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2021 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው። ከዚያ በላይ የፈለገ በየወሩ ይከፍላል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በየወሩ በዶላር መክፈል ምን ያህል እንደሚያንከራትት የሞከረው ያውቀዋል። እኔ የመረጥኩት ሌላ መንገድ ነው፦ ቤት ውስጥ ስራ የፈታ ላፕቶፕ፣ አንድ ሃርድ ዲስክና ኢሚች የሚባል ነፃ ሶፍትዌር። ኢሚችን እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው አሌክስ ትራን የሚባል ፕሮግራመር ነው፤ የተረጋጋ የተባለው ቨርዥን 2.0 የወጣው በኦክቶበር 2025 ነው። ስሙን ስትፈልጉ አይ፣ ኤም፣ ኤም፣ አይ፣ ሲ፣ ኤች ብላችሁ ጻፉ።

ይህን መመሪያ የማሰናዳው ሐዋሳ ላለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ እየነገርኩ ካስተከልኩት ነው። ትእዛዞቹንም እንደዚያው፣ ሲነገሩ እንደሚሰሙት ነው የጻፍኳቸው። ማሽኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ክፍተት እየተዋችሁ ትጽፏቸዋላችሁ።

ኮንቴይነር ሲባል

መንገድ ዳር ያለውን የኮንቴይነር ሱቅ አስቡት። መደርደሪያው፣ አምፖሉ፣ ቁልፉ ሁሉ ውስጡ ነው፤ በክሬን አንስታችሁ ሌላ ሰፈር ብታስቀምጡት ያው ሱቅ ነው። የሶፍትዌር ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ አብሮት ይመጣል፤ ከማሽኑ የሚጋራው የሊነክስን ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ብቻ ነው። ዶከር ይህን ኮንቴይነር የሚያመጣ፣ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ፕሮግራም ነው።

ኢሚች አራት ኮንቴይነሮች አሉት። አንደኛው ድረ ገጹንና ፎቶ መቀበሉን የሚያስተናግደው ሰርቨር ነው። ሁለተኛው ፊት የሚለይና ፎቶ በይዘቱ የሚፈልገው ማሽን ለርኒንግ ነው። ሦስተኛው ስራዎችን በወረፋ የሚያሰልፍ፣ አራተኛው አልበሙን፣ ስሞቹንና ቀኖቹን የሚመዘግበው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሱ ላይ የቆመ ነው፦ ኮንቴይነሩ የሚጣል ነው፣ ፎቶና ዳታቤዝ የሚያርፉባቸው ሁለት ፎልደሮች ግን አይጣሉም። እነዚህ ሁለት ፎልደሮች የት እንዳሉ ሁልጊዜ ማወቅ አለባችሁ።

ማሽኑን ማዘጋጀት

8 ጊጋባይት ራም ያለው ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ ይበቃል። 4 ጊጋባይት ብቻ ካለው የማሽን ለርኒንጉን ኮንቴይነር ትታችሁ ሌላውን ማስኬድ ትችላላችሁ፤ ፊት መለየትና በይዘት መፈለግ ይቀራሉ እንጂ ፎቶው በአግባቡ ይቀመጣል። ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ የምመክረው በባትሪው ምክንያት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አብሮ አይወድቅም። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) የቻርጅ ገደብ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ከሆነ 80 በመቶ ላይ አቁሙት፤ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አውጡት።

ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ለዳታቤዙ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የውስጥ ዲስክ)፣ ለፎቶው ደግሞ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተጠቀሙ። አንድ የስልክ ፎቶ 5 ሜጋባይት ነው ብንል 1 ቴራባይት ወደ 200,000 ፎቶ ይይዛል፤ ኢሚች ለፈጣን እይታ የሚሰራቸው ትናንሽ ቅጂዎች ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወስዳሉ።

ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የሚባለውን የሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑ። ሲጫን «ኦፕን ኤስኤስኤች ይጫን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ በሉት፤ ከዚያ በኋላ ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ሲከደን እንዳይተኛ ሎግኢንድ ነጥብ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ ሃንድል ሊድ ስዊች የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ከፊቱ ያለውን የፍርግርግ ምልክት (#) አንሱ፣ ዋጋውን ኢግኖር አድርጉት። ኢንተርኔቱን ከተቻለ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አገናኙት።

አሁን ሃርድ ዲስኩ። ኤክስት 4 በሚባለው አይነት ፎርማት አድርጉት፤ ፎርማት ያለውን ያጠፋልና ቀድማችሁ ገልብጡ። ከዚያ ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ኤፍ በሉና የዲስኩን ረጅም መለያ ቁጥር ቅዱ። ይህን ቁጥር ኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ አስገብታችሁ ዲስኩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲያያዝ አድርጉ፤ ለምሳሌ ሚዲያ በሚለው ፎልደር ስር ፎቶ በሚባል ቦታ። ኖፌይል የሚለውን ቃልም ጨምሩበት፤ ዲስኩ ባይገኝ እንኳ ማሽኑ መነሳቱን አይከለክልም።

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁ፣ ደርሶብኛልና። አንድ ሌሊት መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ጠፍቶ ላፕቶፑም ጠፋ። ጠዋት ሳስነሳው ኢሚች እምቢ አለ። ዶከር ሎግስ ብዬ የሰርቨሩን መዝገብ ስከፍት ነጥብ ኢሚች የምትባል ትንሽ ፋይል አጣሁ እያለ ይጮኻል። ፕሮግራሙ በየፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ይህችን ምልክት ያስቀምጥና ሲነሳ መኖሯን ያያል። እኔ ፋይሏ የተበላሸች መስሎኝ አዲስ ልፈጥርላት ስል እጄን ሰበሰብኩ፤ ዲስኩ እራሱ አልተያያዘም ነበር። የነበረው ፎልደር ባዶ ነው። ምልክቷን በእጄ ብፈጥርለት ኢሚች ደስ ብሎት ይነሳና አዲሶቹን ፎቶዎች ላፕቶፑ ውስጥ ይከምር፣ አሮጌዎቹን ደግሞ ጠፉ ይል ነበር። ይህን ስህተት ስታዩ በመጀመሪያ ዲስኩን እዩ።

ዶከርን መጫን

ኡቡንቱ ሲጫን መጨረሻ ላይ ዶከርን በስናፕ (በኡቡንቱ የራሱ የፕሮግራም መጫኛ) ልጫንላችሁ ይላል፤ አትቀበሉት። በስናፕ የሚመጣው ዶከር ፎልደሮችን እንዳሻው መድረስ ስለማይችል ከውጫዊ ዲስክ ጋር ያጣላችኋል። ጌት ነጥብ ዶከር ነጥብ ኮም ከሚለው አድራሻ የዶከርን የራሱን መጫኛ አውርዱና አስኪዱት። ሲጨርስ ስማችሁን ዶከር የሚባለው ቡድን ውስጥ አስገቡ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዚያ ዶከር ረን ሄሎ ወርልድ በሉ። እንግሊዝኛ ሰላምታ ካተመላችሁ ተሳክቷል።

ሁለቱ ፋይሎች

በቤታችሁ ፎልደር ውስጥ ኢሚች አፕ የሚባል አዲስ ፎልደር ክፈቱ። ጊትሀብ ከሚባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ላይ ካለው የኢሚች ገጽ፣ ሪሊዝስ ከሚለው ክፍል፣ ሁለት ፋይሎች አውርዱ፦ ዶከር ኮምፖዝ የሚባለውንና ኤግዛምፕል ነጥብ ኢኤንቪ የሚባለውን። ሁለተኛውን ነጥብ ኢኤንቪ ብላችሁ ስሙን ለውጡት። የመጀመሪያውን ባትነኩት ይመረጣል። የምትሞሉት ሁለተኛውን ነው፦

አፕሎድ ሎኬሽን የሚለው ፎቶዎቹ የሚያርፉበት ነው፤ ውጫዊው ዲስክ ላይ ያለውን ፎልደር ሙሉ አድራሻ ስጡት። ዲቢ ዳታ ሎኬሽን ዳታቤዙ የሚኖርበት ነው፤ ይህ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን፣ በኔትወርክ የተጋራ ፎልደር ላይ በፍጹም አይሁን። ሁለቱ ፎልደሮች ያልኳችሁ እነዚህ ናቸው። አድራሻቸውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፉት፤ እናንተ በሌላችሁበት ቀን የሚነካው ሰው ይጠቀምበታል።

ዲቢ ፓስወርድ የሚለውን ለውጡት፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ፣ ልዩ ምልክት አታስገቡ። ቲዜድ የሚለው መስመር ከፊቱ የፍርግርግ ምልክት አለበት፤ ምልክቱን አንሱና አፍሪካ፣ ዘንበል ያለ መስመር፣ አዲስ፣ የታች ሰረዝ፣ አበባ ብላችሁ ሙሉት። ይህን ካልሞላችሁ ኢሚች በግሪንዊች ሰዓት ይሰራል፤ የሌሊት ስራውንም በሦስት ሰዓት ያዘገየዋል።

ማስነሳትና አንድ ፈተና

ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ ዶከር ኮምፖዝ አፕ ሰረዝ ዲ በሉ። የሚወርደው በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፤ ማታ ጀምራችሁ ተኙ። ሲያልቅ ዶከር ፒኤስ ብላችሁ አራቱም መነሳታቸውን እዩ። ከዚያ ስልካችሁ ላይ፣ በቤታችሁ ዋይፋይ፣ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ፣ 2283 ብላችሁ ብራውዘር ላይ ጻፉ። መጀመሪያ የሚመዘገበው ሰው አስተዳዳሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ማሽኑን ወደ ውጭ ከመክፈታችሁ በፊት ተመዝግባችሁ ጨርሱ።

አሁን ሁለት ፎቶ ብቻ ጫኑ። ከዚያ ዶከር ኮምፖዝ ዳውን በሉ። ኮንቴይነሮቹ አራቱም ይጠፋሉ። እንደገና አፕ ሰረዝ ዲ በሉ። ሁለቱ ፎቶዎች እንደነበሩ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። የአክስቴ ልጅ ዳውን ስላት «ይጠፋብኛል» ብላ ለሁለት ደቂቃ ተከራከረችኝ፤ ፎቶዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አላስፈራትም። ይህን ፈተና የውድ ፎቶዎቻችሁን ከመጫናችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩት።

ብዙ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ማስተካከያ ይቀራል። በአስተዳዳሪ ገጹ ስቶሬጅ ቴምፕሌት የሚባለውን ክፈቱና ፎቶዎች በዓመትና በወር ፎልደር እንዲደረደሩ አድርጉ። እንዲህ ከሆነ አንድ ቀን ኢሚች ራሱ ባይኖር እንኳ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ፎቶዎቹን ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ያገኛቸዋል። ከዚያ ለየዘመዱ የየራሱን አካውንት ክፈቱለት፤ አንድ የይለፍ ቃል ለአስር ሰው አትስጡ። ፊቶቹን ሲለይ ስማቸውን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ትችላላችሁ። በይዘት ፍለጋው ግን ከነባሪው ሞዴል ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚገባው፤ «ውሻ» ብላችሁ ብትፈልጉ ግራ ይጋባል።

ዘመድ ከውጭ እንዲያየው

ብዙዎቻችን የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። ራውተራችሁ ገጽ ላይ ገብታችሁ ከኢንተርኔት የተሰጠውን አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የራሳችሁ የሆነ የውጭ አድራሻ የላችሁም፤ ከብዙ ቤቶች ጋር ትጋራላችሁ። እንዲህ ከሆነ ራውተሩ ላይ ፖርት (የመግቢያ በር) ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ ሰው አይደርስባችሁም።

የኔ መፍትሔ ቴይልስኬል ነው። ላፕቶፑ ላይና ስልኮቹ ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ማሽኖቹ በተመሰጠረ መስመር እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ራውተሩ ላይ የሚነካ ነገር የለም። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ የኢሚችን አፕ ከዚህ ጋር አገናኝቶ ከስልኩ በቀጥታ ይጭናል።

ዱባይ ያለችው አክስቴ ግን «ልጄ፣ እኔ ይሄን ሁሉ አልችልም፤ ስነካው ፎቶው ይምጣልኝ» አለችኝ። ልክ ነበረች። በዚያ ላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደ ቴይልስኬል ያለ ቪፒኤን ነክ ነገር ስልክ ላይ መጫን ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው፤ ለሰው ችግር አታምጡ። ለሷ የተጠቀምኩት ቴይልስኬል ፈነል የሚባለውን ነው። ሱዶ ቴይልስኬል ፈነል፣ ሁለት ሰረዝ ቢጂ፣ 2283 ስትሉ መጨረሻው ቲኤስ ነጥብ ኔት የሆነ አድራሻ ይሰጣችኋል፤ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል። ይህን አድራሻ ኢሚች ውስጥ ኤክስተርናል ዶሜይን በሚለው ቦታ አስገቡ፤ ያለበለዚያ የምትልኩት ሊንክ የቤታችሁን የውስጥ አድራሻ ይይዝና የትም አይከፈትም። ከዚያ አልበሙን ሼር ስታደርጉ የይለፍ ቃልና የሚያበቃበት ቀን ስጡት። እንግዳው ፎቶ እንዲጨምር የሚፈቅድ ምርጫም አለ፤ ከሰርግ ማግስት ሊንኩን ለታዳሚው ሁሉ ልካችሁ ይህን ብትከፍቱ በየስልኩ የተበተነው ኦሪጅናል በአንድ ቀን ይሰበሰባል።

ፈነል ከተከፈተ የመግቢያ ገጻችሁን ዓለም ሁሉ ያየዋል። የሁሉም አካውንት የይለፍ ቃል ረጅም መሆን አለበት፣ የናንተ የአስተዳዳሪው ደግሞ ከሁሉም በላይ። የልጆችንና የለቅሶ ፎቶዎችን በሊንክ አታውጡ፤ አካውንት ላላቸው ብቻ ይሁኑ።

የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁና በቴይልስኬል ፈንታ በክላውድፍሌር ቱነል በኩል ማገናኘት ከመረጣችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ በነፃው አገልግሎት አንድ ጊዜ የሚላክ ፋይል ከ100 ሜጋባይት አይበልጥም። ፎቶ ያልፋል፣ ረዘም ያለ የእስክስታ ቪዲዮ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ቀኖቹን ማቃናት

ኢሚች ፎቶን የሚደረድረው ካሜራው ፋይሉ ውስጥ በጻፈው ቀን ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ይህን ቀን ያጣል፤ ስለዚህ የ2010 ፎቶ ዛሬ የተነሳ መስሎ ከላይ ይመጣል። ዘመዶቻችሁ በሊንኩ ይጫኑ፣ ካልቻሉም በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩ።

የወረቀት ፎቶ ስካን ስታደርጉ ጀርባውን አብራችሁ አንሱ። አባቴ በአንዱ ጀርባ «ጃንሜዳ፣ ጥምቀት 1978» ብሎ ጽፏል። ይህን እንዳለ 1978 ብላችሁ ካስገባችሁ ፎቶው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኢሚች የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ፤ የአባቴ ጥምቀት ጃንዩዋሪ 19 ቀን 1986 ይሆናል። የአባቴን ጽሑፍ ደግሞ እንዳለ ማብራሪያው ላይ ገለበጥኩት።

ባክአፕ

ኢሚች በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ማለትም በማሽኑ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ፣ የዳታቤዙን ቅጂ አውጥቶ ፎቶዎቹ ባሉበት ዲስክ ላይ ባክአፕስ በሚል ፎልደር ያስቀምጣል፤ የመጨረሻዎቹን 14 ይይዛል። ይህ ግን ፎቶዎቹን አይጨምርም። አልበሙን፣ ስሞቹንና ቀኖቹን ነው የሚይዘው። ዲስኩ ወድቆ ቢሰበር ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ ግዙ። ሬስቲክ በሚባለው ፕሮግራም የአፕሎድ ሎኬሽንን ፎልደር በሙሉ ወደዚያ ቅዱ፤ ሬስቲክ የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል፣ ያለፉትንም ቀናት ይዞ ይቆያል፣ በስህተት የተሰረዘ ፎቶ ከትናንትናው ቅጂ ይመለሳል። ቅጂውን በይለፍ ቃል ይቆልፈዋል፤ ቃሉ ከጠፋ ማንም አይከፍተውምና ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ዘንድ በወረቀት ይኑር። በክሮን (ስራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው የሊነክስ ፕሮግራም) ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲሰራ እዘዙት፣ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ግን 3 ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ሰዓቱን በግሪንዊች ስለሚያደርገው አስቀድማችሁ የማሽኑንም ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት። ሦስተኛ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቤት ይቀመጥ። እኔና የአክስቴ ልጅ ተለዋውጠናል፤ የሷ ዲስክ እኔ ጋ፣ የኔ ሐዋሳ ነው፤ በየፋሲካው እናድሳቸዋለን።

ማደስ አጭር ነው። የአዲሱን ቨርዥን ማስታወሻ አንብቡ፣ የዚያን ሌሊት ባክአፕ መሳካቱን እዩ፣ ከዚያ ዶከር ኮምፖዝ ፑል፣ ቀጥሎ አፕ ሰረዝ ዲ። የዳታቤዙን ቨርዥን በእጃችሁ አትለውጡ።

አንድ ቅዳሜ ሌላ ኮምፒውተር ተበድራችሁ ባክአፑን ከዜሮ መልሱት። ዶከርን ጫኑ፣ ሁለቱን ፋይሎች አምጡ፣ ነጥብ ኢኤንቪው ውስጥ ያው የኢሚች ቨርዥን ይሁን። የፎቶውን ፎልደር ከሬስቲክ አውጡ። ሰርቨሩን ገና ሳታስነሱ የዳታቤዙን ኮንቴይነር ብቻ አስነሱ፣ የመጨረሻውን ቅጂ በኢሚች የመመሪያ ገጽ ላይ ባለው ትእዛዝ መልሱ፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ አስነሱ። ግቡና አንድ ሰው በስሙ ፈልጉ። ከሚመጡት ፎቶዎች አንዱን ክፈቱና ጥለቱ ክር ለክር እስኪታይ ድረስ አሳድጉት።